ጋኑ ገና ይናገራል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቡናው እስኪፈላ አንድ የማልረሳውን ቅዳሜ ላውጋችሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን ወንዙን ተሻግሮ፣ ሐበሻ በብዛት በሰፈረበት በአሌክሳንድሪያ። በአዘቦት ቀን ሌላ እንጀራ አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል እነዳለሁ። ሊስበርግን አልፌ፣ ብሉ ሪጅ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ከፊቴ ሲጋረጥ፣ በጠጠር መንገድ ወደ አንዲት ትንሽ የወይን እርሻ እታጠፋለሁ። ላውደን የሚባለው ይህ አውራጃ ብቻውን ከ40 በላይ ወይን ጠማቂዎች አሉት። የኔዎቹ ከትንንሾቹም ትንሾች ናቸው፤ ባልና ሚስት። ባልየው ማሳውን ይይዛል፣ ሚስትየው ትጠምቃለች። እኔ ቅምሻ ቤታቸው ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ እቀዳለሁ።

ቅምሻ ቤት ላላየ ሰው ልንገር። እንደኛ ጠጅ ቤት ብርሌ ጨብጠው የሚያመሹበት አይደለም። እንግዳው ይከፍልና አምስት ዓይነት ወይን በተራ ይቀዳለታል። አንዱ ቅጂ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሁለት ጉንጭ በሉት፤ አንድ ጠርሙስ ለ25 ሰው ይዳረሳል። ተራውም ዝም ብሎ አይደለም። ነጩ ይቀድማል፣ ቀዩ ይከተላል፣ ጣፋጩ መጨረሻ ነው። ጣፋጩ ከቀደመ ከሱ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ሆምጣጤ መስሎ ይቀራል። እንግዳው የወደደውን ጠርሙስ ገዝቶ ይሄዳል፤ ያልወደደውን ትቶ ይሄዳል። ይኸው ነው።

ይኸው ነው እላለሁ እንጂ፣ ከዚያ ባንኮኒ ፊት የሚቆመው ሰው አብዛኛው ፈርቶ ነው የሚመጣው። ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ሠርጋቸው አምስት ዓመት የሞላው ባልና ሚስትም። ብርጭቆውን በየት በኩል ልያዘው ብሎ የጎረቤቱን እጅ በዓይኑ ሲሰርቅ አየዋለሁ። ያሸትታል፣ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል፤ እንደ ተማሪ። «ደስ ይላል» ይላል። ደስ አላለውም። ደስ አለማለቱ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ነው።

ይህን የማውቀው እኔም ስለደረሰብኝ ነው። መጀመሪያ ቅምሻ ቤት የገባሁት ሌላ ቦታ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ቀጂው ቀዩን ወይን ቀዳልኝና «ጥቁር ቼሪና የተቀረጸ እርሳስ ይሸትሃል» አለኝ። አልሸተተኝም። ባደግኩበት ሰፈር ቼሪ የሚባል ፍሬ አልነበረም። «አይሸተኝም» ስለው ፈገግ አለና ወደ ጎረቤቴ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥኩ። ከሌላው ሰው አፍንጫ የኔ የጎደለ መሰለኝ።

ስለዚህ እዚህ ስቀጠር ከራሴ ጋር አንድ ነገር ተነጋገርኩ፤ ለማንም ሰው ምን እንደሚሸተው አልነግረውም፣ እጠይቀዋለሁ። «ምን አስታወሰዎት?» ብቻ። ታዲያ የሚመጣውን መልስ ብትሰሙ! አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ዝናብ የነካው ድርቆሽ» አለኝ። አንዲት ልጅ «የአያቴ ቁም ሣጥን» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ የሕንድ ሰው «ሄል» ሲል እኔም በበኩሌ የእናቴን የቅመም ቁና አስታወስኩ። ስሕተት የሚባል መልስ እስከዛሬ አልሰማሁም።

የኛ ልጆችም ይመጣሉ፤ ለልደት፣ ለምረቃ፣ ከሠርግ በፊት ሚዜዎች ተሰብስበው። ገብተው ትንሽ እንደቆዩ አንዷ ጠጋ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ አክሱሚት የሚመስል የላችሁም?» ትለኛለች። አገር ቤት በየሠርጉ ጉደርና አክሱሚት ያየ ሰው ነው፤ ምላሱ አክሱሚት ላይ ቢያርፍ ምን ያሳፍራል? ጣፋጭ መውደድ አለማወቅ አይደለም። አራቱን በትዕግሥት ቅመሱና አምስተኛው የናንተ ነው እላቸዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜዋ ልምጣ።

ጥቅምት ነበር። ለቀማው አብቅቷል፤ ለወፍ ተብሎ በወይኑ ላይ የተዘረጋው መረብ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል፤ ተራራው ላይ ቅጠሉ ቀልቶ እሳት የተለኮሰ ይመስላል። በዓመት ውስጥ ሰው የሚበዛብን ወቅት ነው። እኔን ደግሞ ጉንፋን ጥሎኛል። ጠዋት ጠርሙስ ስንከፍት አንድ በአንድ አሽትተን፣ ቀምሰን ነው ለሰው የምናቀርበው። ያን ጠዋትም አሸተትኩ፤ ግን በተዘጋ አፍንጫ ነበር ያሸተትኩት። ለሌላ ሰው ሰጥቼ አሽትትልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዲት ወጣት፣ ባሏ፣ እና እናትየው። እናትየው ነጠላቸውን ከወፍራም ሹራብ ላይ ደርበዋል። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ልታዘኝ ስትጀምር እናትየው ፊቴን አተኩረው አዩና «የኛ ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

«በጠራራ ፀሐይ ጠጅ ቤት አመጣችኝ እኮ!» አሉ፤ ግን ቅር ያላቸው አይመስልም። ወንበር ሳብኩላቸው።

ባልየው «እኔ ሹፌር ነኝ፣ አልጠጣም» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ይህን ነገር አልወደውም። የማይጠጣ ሰው ስልኩን ይዞ ጥግ መጣል የለበትም። ለሱም ብርጭቆ ደረደርኩለት፤ ለማሽተት ማንም አልከለከለም፤ ለመጠጡ ደግሞ የወይን ጭማቂ አለን።

ከዚያ እናትየው ባንኮኒው ላይ የተቀመጠውን ትንሽ ባልዲ አዩ። «ይኼ ለምንድን ነው?» ያልወደደው ሰው የሚደፋበት፣ ብዙ የሚቀምስ ሰውም አፉ ውስጥ አንገላትቶ የሚተፋበት ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ባልዲውን አዩት። «ሰው የደከመበትን?» አሉና በአንድ ጣት ራቅ አደረጉት። ተከራክሬ አልመልሰውም ነበር፤ ከባንኮኒው ሥር ከተትኩት።

የመጀመሪያው ቪዮኜ ነው፤ ነጭ ወይን፣ ትውልዱ ከፈረንሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የቨርጂኒያ ወይን ቦርድ የግዛቷ መለያ ብሎ የመረጠው። ልጅቱ ቀመሰችና «ደስ ይላል» አለች። እናትየው ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አልቀመሱም። መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይኼ ታሟል።»

«እማዬ፣ ተይ እንጂ!» ልጅቱ ደነገጠች። ግራና ቀኝ አየች፤ ከኔ ሌላ ማንም አማርኛ እንደማይሰማ እያወቀች።

«ምን ሸተተዎት እማማ?»

«ዝናብ የመታው ጆንያ። የተቆለፈበት ምድር ቤት።»

አፍንጫዬን እንደገና ብሰድ ምንም የለም። ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ጠማቂዋ ብርጭቆ አወጣች፣ ቀዳች፣ አንዴ ሳበችና ሳትናገር ጠርሙሱን እንዳለ ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሽ የዛፍ ልጣጭ ነው። አንዳንዴ በሻጋታ ሰበብ ቲሲኤ የሚባል ነገር ያድርበታል። ሰው አይጎዳም፤ ግን የፍሬውን ሽታ ገድሎ በቦታው እርጥብ ካርቶን ያስቀምጣል። ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ እንኳ ቢገኝ ደህና አፍንጫ ያውቀዋል። ምንም ብትጠነቀቁ አልፎ አልፎ አንድ ጠርሙስ መውጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ከወጣው ጠርሙስ ደግሞ ከእናትየው በፊት ለስምንት ሰው ቀድቻለሁ። ስምንቱም «ደስ ይላል» ብለውኛል።

በየጠረጴዛው ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ከሌላ ጠርሙስ እንደገና ቀዳሁ። አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ከጓደኞቿ ጋር የመጣች፣ ክንዴን ያዝ አደረገችና «መጥፎ ሽታ ሸትቶኝ ነበር፤ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት» አለችኝ። ይህቺ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጠማቂዋ አዲሱን ቪዮኜ ስትከፍት እንዲህ አለችኝ፤ «መጀመሪያ ለእናትየዋ።» ሰጠኋቸው። አሸተቱ፣ ፈገግ አሉ። «ይኼስ ጤነኛ ነው። ኮክ፣ ኮክ ይላል።» ለጠማቂዋ ተረጎምኩላት። ቪዮኜ ባለሙያውም ኮክ ነው የሚለው። ልጅቱ እናቷን ቀና ብላ ያየችው ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስትጠብቃቸው ነበር እንጂ አላየቻቸውም ብል ይሻላል።

ኖርተን የሚባለውን ቀይ ስቀዳ ታሪክ እነግራለሁ፤ ለሳቸውም ነገርኩ። እንግሊዞች እዚህ ምድር በሰፈሩ በ12 ዓመታቸው፣ በ1619፣ የጄምስታውን ጉባኤ እያንዳንዱ አባወራ በየዓመቱ 10 የወይን ተክል እንዲተክል አዘዘ። ተከሉ፤ ሞተባቸው። ቶማስ ጄፈርሰን፣ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት፣ ፊሊፖ ማዜይ የሚባል የጣሊያን ሰው በ1773 መጥቶለት፣ ከአውሮፓ ችግኝ አስመጥቶ ሞንቲቼሎ በሚባለው ርስቱ ተከለ፤ ሞተበት። እንደገና ተከለ። ሥሩን የሚበላ ከዓይን የሚሰወር ነፍሳት ነበር ከገዳዮቹ አንዱ፤ ከሱ ሌላ ብርዱ፣ እርጥበቱ፣ ዋጉ።

«ኋላስ አማረለት? ቀመሰው?» አሉ እናትየው።

«ከገዛ ማሳው የረባ ወይን ሳይጠምቅ ነው በ1826 የሞተው።»

«እኔን!» አሉ። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ለሆነው ሰው ከልባቸው አዘኑለት።

መፍትሔው ኋላ የመጣ ነው፤ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ ማጣበቅ። ኖርተን ግን የዚሁ አገር ደም ስላለበት በሽታውን የሚችል ነው፤ ዳንኤል ኖርተን የሚባል የሪችመንድ ሐኪም በ1820ዎቹ ያሳደገው። እናትየው አንዴ ተጎነጩለትና «ጎበዝ ነው፤ ግን ይቆጣል» አሉ። እውነት ነው፤ ይቆጣል።

ሌላውን ልዝለለው። ካበርኔ ፍራንክ ላይ ደረስን። እዚህ ቀስ ልበል።

ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን ለማዞር ማንም አላስተማራቸውም፤ ብርሌ ሲያዞሩ የኖሩበት እጅ ራሱ አዞረው። አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ጠጡና አፋቸው ውስጥ አቆዩት።

«ቃሪያ አለበት» አሉ። ቀጠሉና «ጋኑም ታጥኗል። በምን አጠናችሁት? ወይራ አይደለም።»

ያኔ ጉንፋኑም፣ የጠዋቱ ስሕተትም ጠፋኝ። ለማታውቁ ልንገር፤ ወይኑ አንድ ዓመት ያህል በኦክ በርሜል ይተኛል። በርሜል ሠሪው እንጨቱን ለማጉበጥ እሳት ላይ ይገትረዋል፣ ኋላም ውስጡን በእሳት ለብለብ ያደርገዋል። ወይኑ ከዚያ ከተለበለበው ግድግዳ ነው የጭሱን ጠረንና ቫኒላ መሰል ሽታውን የሚወስደው። እኛስ? ጋኑን በግራዋ አሽተን፣ በወይራ ጭስ አጥነን አይደል ጠጁን የምንጥለው? ሁለት አገር፣ ሁለት ዕቃ፣ አንድ ብልሃት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀዳ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ለጠማቂዋ ስነግራት የያዘችውን ሳጥን አስቀመጠች። ስለ ቃሪያውም አመነች፤ ያ ዓመት ዝናባማ ነበር፣ ፍሬው እንደልብ ሳይበስል ነው የተለቀመው፣ ያልጠገበ ካበርኔ ፍራንክ ቃሪያ ይሸታል። «የት ነው የተማሩት?» ብላ ጠይቀኝ አለች። ጠየቅኩ። እናትየው ግራ ገባቸው። «ምኑን?» አሉኝ። አርባ ዓመት ለክርስትናው፣ ለተዝካሩ፣ ለሠርጉ ጠጅ የጣሉ ሴት ናቸው። ማሩን በውሃ በጥብጠው፣ ጌሾውን መጥነው፣ ሌሊት ተነስተው ጋን ያዳመጡ።

መጨረሻው ፒቲ ማንሳንግ ነው፤ ያ ለኛ ልጆች የምጠብቀው ጣፋጩ። ፍሬው ዘግይቶ ይለቀማል፣ ከዚያ ትሪ ላይ ተዘርግቶ እስኪጠወልግ ይቆያል፤ ውሃው ሄዶ ስኳሩ ይቀራል። ልጅቱ «ይኼ ነው!» ብላ ሳቀች። እናትየው ግን ካሸተቱ በኋላ አልተናገሩም። ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ።

«ዘቢብ» አሉ ቆይተው።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚሆነው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ታውቃላችሁ፤ በቤተልሔም፣ ዘቢቡ በውሃ ርሶ፣ ተጨምቆ። የእናትየው ታላቅ ወንድም ዲያቆን ነበሩ። ከቅዳሴ መልስ የትንሿን እህታቸውን ጉንጭ ሲዳስሱ እጃቸው ዘቢብ ዘቢብ ይል ነበር። በወጣትነታቸው ነው ያረፉት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዓይናቸው መስኮቱን አልፎ ማሳው ላይ ነበር። ልጅቱ እኚህን ወንድም በስም እንጂ በዚህ ታሪክ አታውቃቸውም፤ እጇን እናቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ባልየው፣ ያ ሹፌሩ፣ የራሱን ብርጭቆ አንስቶ በቀስታ አሸተተ።

እናትየው የቀረውን ወደ ልጃቸው ገፉት። «አንቺ ጨርሺው። አይደፋም።»

ጠማቂዋ ከጓዳው በር ቆማ ስትጠብቅ ነበር። እንግዳ ወደ በርሜሉ ቤት አይገባም፤ ያን ቀን ግን መጋረጃውን ገልጣ «ይግቡ» አለች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ከፊል ጨለማ፣ በርሜሎቹ በሁለት ረድፍ ተጋድመዋል። አንዱ 225 ሊትር ይይዛል፤ 300 ጠርሙስ ማለት ነው። እናትየው መጀመሪያ ያደረጉት መዳፋቸውን የአንዱ በርሜል ሆድ ላይ ማሳረፍ ነው፤ የሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ፤ ሙቀቱን። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አፉ አጠገብ ደገኑ።

ዝም አልን። ሦስታችንም፣ ጠማቂዋም።

«ገና ነው» አሉ። «ይናገራል።»

እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። አፍንጫዬ ቢደፈንም ጆሮዬ ደህና ነው። ከእንጨቱ ውስጥ፣ በጣም ከሩቅ፣ ምጣድ ላይ የወደቀ የጨው ቅንጣት ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ጠስ፣ ጠስ። ያ የዘንድሮው ካበርኔ ፍራንክ ነበር፤ ከተጨመቀ ሳምንት የሆነው፣ ሁለተኛውን ዝግተኛ መፍላት የጀመረው። ጠማቂዋ በመሣሪያ ለክታ የምታውቀውን እናትየው በጆሯቸው አገኙት። ስነግራት ሳቀች፤ ወዲያው ጎንበስ ብላ እሷም አዳመጠች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ በርሜል ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት፣ ጆሯቸውን ደግነው ለቅጽበት ሲተያዩ አየሁ። በዚያች ሰዓት አስተርጓሚ አልፈለጉም።

በርሜሎቹ ፊት ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ የፍሬው ዓይነት፣ ቀኑ። ጠማቂዋ ጠመኔውን አቀበለችኝና እናትየው ያሉትን በራሳቸው ፊደል ጻፍልኝ አለች። ጻፍኩ። «ገና ነው፣ ይናገራል።» እናትየው አነበቡት፤ «ነ»ዋ ጠመመች ብለው አረሙኝ። አጥፍቼ አቀናሁት።

ገና በዓል ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ልጅቱ ናት። «እማዬ ልታናግርህ ትፈልጋለች፤ ነገ ልትሄድ ነው።»

ጤናዬን ጠየቁ፣ የናቴን ጤና ጠየቁ፤ ከዚያ «ጋኑስ? ዝም አለ ወይ?» አሉኝ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ያለሁት እዚያው ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ በርሜሉ ቤት ገባሁ። ጠመኔው አሁንም አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ቆየሁ።

«ዝም ብሏል እማማ።»

«እንግዲያው አፉን ደህና አድርጋችሁ ግጠሙት» አሉ። «ያቺን ልጅም ሰላም በልልኝ።»